ኔጌቲቭ ማለት ፍሬን ማለት አይደለም፦ ከአንድ 11ኛ ክፍል የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተነሳበት

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል። አክስለሬሽንን፣ ማለትም ቬሎሲቲ (ፍጥነት ከነአቅጣጫው) በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚቀየር፣ በየዓመቱ አስተምራለሁ። በደንብ እንደማስተምረውም አምን ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ተማሪ ወረቀት ላይ የጻፈችው መልስ ያን እምነቴን አናጋው። መልሷ ስህተት ነበር፤ ምንጩን ስፈልግ ግን እኔው ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን መስመር አገኘሁ። ሌላ አስተማሪ ወይም ልጁን ማታ ማታ የሚያስጠና ወላጅ ይጠቀምበታል ብዬ ነው የምጽፈው። የትምህርት ቤቱንም የማንንም ስም አልጠቅስም።

ቦታው አዲስ አበባ ነው። ክፍሉ 11ኛ፣ ተማሪዎቹ ከ50 በላይ ናቸው። ልጅቷ ከክፍሉ ጎበዞች አንዷ ናት። ቀመር ካገኘች ቁጥሩን አስገብታ መልሱን ከሁሉም ቀድማ ታወጣለች። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ በ4 ሰከንድ ቢቆም አክስለሬሽኑ ስንት ነው ብትሏት፣ 72ቱን ወደ 20 ሜትር በሰከንድ ትቀይርና ለ4 ታካፍላለች። «ኔጌቲቭ 5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር» ትላለች። ትክክል ነው።

አንድ ቀን ስሌት የሌለባቸው ሦስት ጥያቄዎች ሰጠሁ። ኳስ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ተወርውራ ጫፍ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ ስንት ነው? አንድ መኪና በኋላ ማርሽ ፍጥነት እየጨመረ ነው፤ ወደ ፊትን ፖዘቲቭ ካልን የአክስለሬሽኑ ምልክት ምንድን ነው? አንድ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳይጨምር ሳይቀንስ ቀጥ ባለ መንገድ ይሄዳል፤ ሌላው ከቆመበት እየተነሳ ነው፤ የማን አክስለሬሽን ይበልጣል?

ልጅቷ ለመጀመሪያው «ዜሮ፣ ምክንያቱም ቆማለች» አለች። ለሁለተኛው «ፖዘቲቭ፣ ምክንያቱም እየፈጠነ ነው» ብላ ጻፈች። ለሦስተኛው ባለ 100ውን መረጠች። ሦስቱም ስህተት ናቸው። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ቢያንስ አንዱን እንደሷ መልሷል።

ችግሩ የት ነበር

ከክፍል በኋላ አስቀረኋት። «ሁለተኛውን እንዴት አሰብሽው?» አልኳት። «ቲቸር፣ ኔጌቲቭ ማለት መዘግየት ነው ብለውናል እኮ» አለችኝ። ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። በቀይ እስክሪብቶ አራት ማዕዘን ሳጥን ሠርታ ውስጡ ሁለት መስመር ጽፋለች፦ «አክስለሬሽን ፖዘቲቭ = መፍጠን። አክስለሬሽን ኔጌቲቭ = መዘግየት።» ቃሉ የኔ ነው። እኔ ነኝ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት።

ያ መስመር የሚሠራው ነገሩ ወደ ፖዘቲቭ አቅጣጫ ሲሄድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የምሰጣቸው ምሳሌዎች በሙሉ ወደ ፊት የሚሄዱ መኪናዎች ነበሩ። ስለዚህ ሕጉ ለወራት አንድም ቀን አልከዳቸውም። ተማሪ አንድን ሕግ የሚያምነው ስለሠራለት ነው፤ ልጅቷ ያልተጠነቀቀች ሆና አይደለም።

ምልክቱ የሚነግረን አቅጣጫ ነው። ወደ ፊትን ፖዘቲቭ ካልን ኔጌቲቭ አክስለሬሽን ማለት «የቬሎሲቲው ለውጥ ወደ ኋላ ነው» ማለት ብቻ ነው። ወደ ፊት የሚሄድ መኪና ቬሎሲቲው ወደ ኋላ ከተገፋ ይቀንሳል። ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ግን ወደ ኋላ ከተገፋ ፍጥነቱ ይጨምራል። ምልክቱ አንድ ነው፤ የሚሆነው ነገር ተቃራኒ ነው።

ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ የቋንቋው ነገር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ልጆቹ የሚያስቡት ግን በአማርኛ ነው። እኔም ሳብራራ ወደ አማርኛ እገባለሁ። በአማርኛ «መኪናው ፈጠነ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። አንዱ፣ በጣም በፍጥነት ሄደ። ሌላው፣ ቀድሞ ከነበረው ፍጥነት ጨመረ። በዕለት ተዕለት ንግግር ልዩነቱ አያስቸግረንም። ፊዚክስ ላይ ግን የመጀመሪያው ቬሎሲቲ ነው፣ ሁለተኛው አክስለሬሽን። ባለ 100ውን መኪና የመረጠ ልጅ «የቱ ነው ይበልጥ የፈጠነው?» የሚል ጥያቄ ነው የሰማው። «ዘገየ»ም እንደዚሁ ነው። ታክሲው ዘገየ ስንል አርፍዶ መጣ ማለታችን እንጂ ፍሬን ያዘ ማለታችን አይደለም። እኔ ደግሞ ዲሰለሬሽንን (የፍጥነት መቀነስን) «መዘግየት» ብዬ ተርጉሜላቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፍጥነት ጨመረ» እና «ፍጥነት ቀነሰ» ብቻ ነው የምለው። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ለሁለት ነገር አይሆንም።

የኳሷ ስህተት ምንጩ ሌላ ነው። «ቆመ» ስንል ነገር ሁሉ ያለቀ ይመስለናል። ኳሷ ጫፍ ላይ ቬሎሲቲዋ ዜሮ የሚሆነው ለቅጽበት ነው። ልጆቹ የዚያን ቅጽበት ዜሮ ወደ አክስለሬሽኑም አሻገሩት።

ያልሠሩት ሙከራዎች

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንኛውም አስተማሪ የሚያደርገውን ነው። ትርጉሙን ደገምኩት፤ አክስለሬሽን የቬሎሲቲ ለውጥ ለጊዜ ሲካፈል ነው አልኩ። ቬሎሲቲ ፍጥነትም አቅጣጫም እንዳለው አስታወስኩ። ተጨማሪ ጥያቄዎች ሰጠሁ። ጥያቄዎቹን ሠሯቸው። ከሳምንት በኋላ ሦስቱን ጥያቄዎች መልካቸውን ቀይሬ ስጠይቅ መልሱ ያው ነበር።

ቀጥሎ ሕጉን አረምኩ። አራት መስመር ያለው ሠንጠረዥ ሠራሁ፦ ቬሎሲቲ ፖዘቲቭ አክስለሬሽን ፖዘቲቭ ከሆነ እንዲህ፣ ቬሎሲቲ ኔጌቲቭ አክስለሬሽን ፖዘቲቭ ከሆነ እንዲያ። ሠንጠረዡ ትክክል ነው። ልጆቹም በአንድ ቀን ሸመደዱት። ግን የተሸመደደ ነገር ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል አይገኝም። ልጅቷ ራሷ «የቱ መስመር ላይ እንደሆንኩ ይጠፋኛል» አለችኝ።

ሦስተኛው ሙከራ የስልክ ነበር፤ እሱ ነገሩን አባሰው። ፋይፎክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ። ጀርመን አገር በአኽን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፤ ስልክ ውስጥ ያለውን የአክስለሬሽን ሴንሰር ያነባል። በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ያን ቀን ግን ሳልዘጋጅበት ይዤው ገባሁ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ገደማ አሳየ። «ቆሞ እንዴት አክስለሬሽን አለው?» አለ አንዱ። ከዚያ ወፍራም ፍራሽ አስቀምጬ ስልኩን ወደ ላይ ወረወርኩት። ግራፉን ስናየው አየር ላይ እያለ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ተኝቷል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ይኸው ዜሮ!» አለ።

ሴንሰሩ ውስጥ በጣም ትንሽ ክብደት በትንንሽ ስፕሪንጎች ተይዛ ተቀምጣለች። የሚለካው ስፕሪንጉ ምን ያህል እንደተሳበ ነው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ስፕሪንጉ ክብደቷን ተሸክሟል፤ ስለዚህ 9.8 ይላል። አየር ላይ ሲሆን ግን ክብደቷም ስልኩም እኩል ይወድቃሉ። ስፕሪንጉ የሚሸከመው የለም፤ ዜሮ ይላል። አይንስታይን በ1907 እ.ኤ.አ. የሚወድቅ ሰው ክብደቱ አይሰማውም ከሚለው ከዚሁ ሐሳብ ተነስቶ ነው ወደ አጠቃላይ ሬላቲቪቲ የሄደው። ታላቅ ትምህርት ነው። ግን «ጫፍ ላይ ዜሮ ነው» ብሎ ለሚያምን ልጅ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ አይደለም። አንድ ልጅ ብቻ ግራፉን ትኩር ብሎ አይቶ «ቲቸር፣ ጫፍ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከእጅዎ ከለቀቀበት ጀምሮ ሙሉውን ዜሮ ነው» አለ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር፤ ደወል ተደወለና ሳንመለስበት ቀረን።

ብይና ጣውላ

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወደ ቀላሉ ነገር ተመለስኩ። ሁለት ሜትር የሚሆን ጣውላ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚደበቅበት የፕላስቲክ ቦይ፣ አንድ ብይ፣ አንድ የመለኪያ ሜትር። የጣውላውን አንድ ጫፍ መጻሕፍት ደራርበን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግነው። ብዩን ከታች ወደ ላይ በእጅ ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው። ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል።

ይህ ዘዴ ከጋሊሊዮ የመጣ ነው። ቀጥታ የሚወድቅ ነገር ለዓይን ስለሚፈጥንበት ዘንበል ባለ እንጨት ላይ ነሐስ ኳስ እያንከባለለ፣ ጊዜውን ከዕቃ በሚፈስ ውሃ ክብደት እየለካ ነበር የሚሠራው። ውጤቱን ያሳተመው በ1638 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ስልክ አለን። ስልኩን አጠገቡ አቁመን ቪዲዮ ቀረጽን፤ ከዚያ በየግማሽ ሰከንዱ እያቆምን ብዩ የት እንዳለ ከሜትሩ ላይ አነበብን።

ካደረግናቸው ሙከራዎች ጥሩ የወጣው አንዱ እንዲህ ነበር። ብዩ ሲወጣ በየግማሽ ሰከንዱ የሄደው 48፣ 39፣ 31፣ 22፣ 13፣ ከዚያ 4 ሴንቲ ሜትር። ሲመለስ 4፣ 13፣ 22። ወደ ላይን ፖዘቲቭ ብለናል፤ ስለዚህ የመመለሻዎቹ ፊት ኔጌቲቭ ጻፍን። ልጅቷን ሰሌዳ ላይ አወጣኋትና ተከታታዮቹን ቁጥሮች እንድታቀናንስ ጠየቅኳት። 48 ወደ 39፣ 9 ቀነሰ። 39 ወደ 31፣ 8 ቀነሰ። እያለች ሄደች። ጫፉ ጋ ደረሰች። ከ4 ወደ ኔጌቲቭ 4። ጠመኔውን ይዛ ትንሽ ቆመች። «8» አለች። ከዚያ ከኔጌቲቭ 4 ወደ ኔጌቲቭ 13፣ 9።

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ከኋላ አንዱ «ጫፍ ላይም አላቋረጠም» አለ።

ያን ጊዜ ነው አንዱን ጥያቄ የጠየቅኩት። «ጫፍ ላይ አክስለሬሽኑ ዜሮ ቢሆን ብዩ ምን ይሆን ነበር?» ቬሎሲቲው ዜሮ ነው። ቬሎሲቲውን የሚቀይር ነገር ከሌለ ዜሮ ሆኖ ይቀጥላል። ብዩ ጣውላው መሐል ላይ እንደቆመ ይቀራል ማለት ነው። ልጆቹ ሳቁ፤ እንዲህ ያለ ብይ አይተው አያውቁም። ኳስም ብትሆን አየር ላይ ተንጠልጥላ መቅረት ነበረባት።

እዚህ ላይ የተማርኩት፣ ቁጥሩ ራሱ እንዳልበቃ ነው። ቁጥሩን አይተው «እሺ» የሚሉ ነበሩ። ያሳመናቸው «ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር» የሚለው ነው።

ደግሞም ብዩ ሲወጣ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሲወርድ ይጨምራል። አክስለሬሽኑ ግን በሁለቱም ጊዜ ኔጌቲቭ ነው፣ መጠኑም ያው ነው። በግማሽ ሰከንድ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለውጥ ወደ 0.35 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይጠጋል። «ኔጌቲቭ ማለት መዘግየት» የሚለው ሳጥን በዚህ ጣውላ ላይ ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚያስኬደው።

ሚኒባሱ

የኋላ ማርሹ ጥያቄ ግን ገና አልተፈታም ነበር። ለዚህ የትምህርት ቤቱን ሰርቪስ ሚኒባስ ተጠቀምኩ። አስፈቅጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ባዶ ሲሆን፣ ተራ በተራ አሥር አሥር ልጅ ይዘን። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ ጋሼ ይሏቸዋል። ከጣሪያው መያዣ ላይ ቁልፍ በክር አንጠለጠልኩ። መሣሪያው ይኸው ነው።

አንድ ደንብ ብቻ ነበረኝ። ሚኒባሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ቁልፉ ወዴት እንደሚሄድ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ጽፎ ካልጨረሰ ጋሼ አይነሱም።

ወደ ፊት ሲነሱ ቁልፉ ወደ ኋላ ሄደ። ሁሉም ገምቶት ነበር። በአንድ ፍጥነት ሲሄዱ ቁልፉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወረደ። ባለ 100ውን መኪና የመረጡት እዚህ ላይ ዝም አሉ፤ መኪናው እየሄደ ነው፣ ቁልፉ ግን የቆመ መኪና ውስጥ እንዳለ ነው። ፍሬን ሲይዙ ቁልፉ ወደ ፊት ሄደ። ይህንንም ታክሲ የለመደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ «ወራጅ አለ!» ተብሎ ሹፌሩ ድንገት ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት እንደፋለን።

ከዚያ «አሁን በኋላ ማርሽ ይነሳሉ፤ ጻፉ» አልኩ። ሁሉም ማለት ይቻላል «ወደ ኋላ» ብለው ጻፉ። ሁለት ልጆች ብቻ ሌላ ጻፉ። ጋሼ ማርሹን አስገቡ፣ ነዳጅ ሰጡ። ቁልፉ ወደ ፊት ሄደ። ፍሬን ሲይዙ እንደሄደው።

«ይድገሙት ጋሼ» አለች ልጅቷ። ደገሙት። አሁንም ወደ ፊት። ጋሼ በመስታወት እያዩን «ይሄ ምን ይገርማል የኔ ልጅ» አሉ። «ተሳፋሪ የሚደፋው ፍሬን ስይዝ ብቻ መሰለሽ? በኋላ ማርሽ ድንገት ስነሳም ይደፋል።» ቀመሩን አያውቁትም፤ ነገሩን ግን በመቀመጫቸው ያውቁታል።

ወደ ፊት እየሄዱ ፍሬን መያዝና በኋላ ማርሽ መነሳት ለቁልፉ አንድ ናቸው። በሁለቱም ጊዜ የቬሎሲቲው ለውጥ ወደ ኋላ ነው። አንዱን «ፍጥነት ቀነሰ» እንለዋለን፣ ሌላውን «ፍጥነት ጨመረ»። አክስለሬሽኑ ግን በሁለቱም ኔጌቲቭ ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ችግር ገጠመኝ። አንዳንዶቹ አክስለሬሽን ቁልፉ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው ብለው መጻፍ ጀመሩ። ተቃራኒው ነው። «ቁልፉን ማን ነው የሚጎትተው?» ብዬ ጠየቅኩ። ክሩ ነው። ቁልፉ ወደ ፊት ሲሄድ ክሩ ከቁልፉ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይጎትታል። ወደ ላይ የሚጎትተው የቁልፉን ክብደት ይሸከማል፤ አክስለሬሽኑ ክሩ በአግድም ወደሚጎትትበት፣ ማለትም ወደ ኋላ ነው። ይህን ከጉዞው በፊት ማለት ነበረብኝ።

ከቁልፉ መጠኑንም ማንበብ ይቻላል። ክሩ ከቀጥታው 11 ዲግሪ ያህል ካዘነበለ አክስለሬሽኑ 2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ገደማ ነው፤ 17 ዲግሪ ከሆነ 3። ለሚወዱት ልጆች የሰጠሁት ተጨማሪ ሥራ ይህ ነበር፤ ፕሮትራክተር ከክሩ ኋላ መያዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስንመለስ ጋሼ «ለመሆኑ በእጥፍ ብፈጥን ለመቆም እጥፍ መንገድ ነው የሚፈልገው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ወዲያው ሠራችው። አክስለሬሽኑ መጠኑ 5 ከሆነ በሰዓት 36 የሚሄድ በ10 ሜትር ይቆማል፤ በ72 የሚሄድ ግን 40 ሜትር ይፈልጋል። አራት እጥፍ። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ መልስ አልሰጡም።

ከዚያ በኋላ

ክፍል ውስጥ «ዲሰለሬሽን» የሚለውን ቃል ለሦስት ሳምንት አስቀረሁት። ቃሉ ስህተት ሆኖ አይደለም፤ ግን የተለየ መጠን አይደለም፣ የአክስለሬሽን አንድ ሁኔታ ነው። በቦታው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ቀስት ያስላሉ፦ ወዴት እየሄደ ነው? ቬሎሲቲው ወዴት እየተቀየረ ነው? ቀስቶቹ ወደ አንድ ወገን ካዩ ፍጥነት ይጨምራል። ፊት ለፊት ከተያዩ ይቀንሳል። ምልክት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አራት መስመሩን ሠንጠረዥ ማንም አልፈለገውም።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ስለ ኳሷ ሌላ ጥያቄ አወጣሁ። ልጅቷ «ጫፍ ላይ ቬሎሲቲ ዜሮ፣ አክስለሬሽን 9.8 ወደ ታች፤ ዜሮ ቢሆን እዚያው ትቀር ነበር» ብላ ጻፈች። አብዛኛው ክፍልም አገኘው። ሁሉም አይደለም። ጥቂት ልጆች ቀስቱን በትክክል ስለው መልሱ ላይ «ዜሮ» ይላሉ። ከነሱ ጋር ለየብቻ ተቀምጬ ሳይ፣ ጥያቄው «ጫፍ ላይ» በሚለው ቃል ሲጀምር የድሮው መልስ ከእጃቸው ይቀድማል። «ከጫፍ በፊት በጥቂቱ፣ ከጫፍ በኋላ በጥቂቱ፣ ጫፍ ላይ» ብዬ ሦስቱን አብሬ ስጠይቅ ይሻላል።

ለሌላ ክፍል የሚሆን

ምሳሌ ስትሰጡ ሁሉንም ወደ ቀኝ አታስኬዱ። ከመጀመሪያው ቀን ግማሹ ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ በኋላ ማርሽ ይሂድ። ያን ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ቀዩ ሳጥን አይፈጠርም ነበር።

ማስገመት ከማሳየት ይበልጣል። ቁልፉን ሳናስገምት ብናሳይ «አዎ፣ አየነው» ብለው ያልፉ ነበር። ያስደነገጣቸው የራሳቸው ጽሑፍ ነው።

ስሌት መቻልን እንደ መረዳት አትቁጠሩት። ይህ በተለይ ለጎበዝ ተማሪ ወላጆች ነው። ልጁ 20 ጥያቄ ትክክል ሠርቶ አንዱን ቁጥር የሌለበት ጥያቄ ሊስት ይችላል። ስለዚህ «መልሱ ስንት ነው» ብቻ ሳይሆን «ወዴት ነው» ብላችሁ ጠይቁት።

የስልክ ሴንሰር ይምጣ፤ ግን ከብዩና ከቁልፉ በኋላ። እኔ በመጨረሻው ሳምንት መልሼ አመጣሁት። ያን «ሙሉውን ዜሮ ነው» ያለውን ልጅ አስቀድሜ ጠርቼ ስለ ስፕሪንጉ ነገርኩት፤ ለክፍሉ ያስረዳው እሱ ነው። በዚህ ጊዜ «ይኸው ዜሮ» ያለ አልነበረም።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ሚኒባሱ ግቢው ውስጥ ሲዞር ቁልፉ ወደ ጎን ወጣ። ቆጣሪው ላይ ያለው ፍጥነት አልተለወጠም። አክስለሬሽን ግን አለ፤ አቅጣጫው እየተቀየረ ነውና። ብዙዎቹ ይህን ገና አልተቀበሉትም፤ «አልጨመረም፣ አልቀነሰም፣ ታዲያ ምኑ ነው አክስለሬሽን?» ይላሉ። ክብ እንቅስቃሴ በሚቀጥለው ሴሚስተር ነው። ግቢው ለመዞር ጠባብ ስለሆነ ሰፋ ያለ ሜዳ እየፈለግኩ ነው፤ ጋሼም ቅዳሜያቸውን እንደሚሰጡን ነግረውኛል። ቁልፉና ክሩ ልጅቷ ጋ ናቸው።